የበርሜሉ ከበሮ

ስዕል አልችልም። ይህን ቀድሜ ብነግራችሁ ይሻላል፤ ምክንያቱም የማወራችሁ ነገር የደረሰብኝ የስዕል አስተማሪ ሳለሁ ነው። ድመት ስስል በግ ትመስላለች፤ በግ ስስል ደግሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ሶፋ ነው?» ይሉኛል። የተማርኩት ሒሳብ፣ የተቀጠርኩትም ለሒሳብ ነው። ስዕልና የእጅ ሥራ እጄ ላይ የወደቀው በትምህርት ቤቶቻችን የታወቀ ልማድ ስላለ ነው፤ ክፍለ ጊዜው የጎደለ መምህር ሲኖር ማሟያ ተብሎ ይሰጠዋል። የጉልት ሴት ሽንኩርት ሸጣ ቃሪያ እንደምትመርቀው ማለት ነው። እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲኒ እስልና «ይህን ገልብጡ» ብዬ እቀመጥ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ቂርቆስ ነው። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የካዛንቺስ ልጆች ነበሩ፤ ካዛንቺስ ሲፈርስ ቤተሰቦቻቸው ከተማ ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሄዱ። አንዳንዶቹ ልጆች በጠዋት ታክሲ እየቀያየሩ መጥተው ዓመቱን ጨረሱ፤ የቀሩት ቀሩ። ክፍሎች ተጣመሩ፣ የእኔም የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከዓመቱ ጋር አብሮ አለቀ ማለት ይቻላል።

ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር ቄራ ነው የምኖረው። እናቴን ስትሮክ መቷት ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ብቅ እያለ ያያታል፤ ምሳ ሰዓት ግን የእኔ ነው። ደወል ሲደወል ቦርሳዬን እንኳ ሳላነሳ እወጣለሁ፤ ታክሲ ካገኘሁ በታክሲ፣ ሰልፍ ካለ በሩጫ። አበላታለሁ፣ መድኃኒቷን እሰጣታለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ የከሰዓቱ ደወል ሳይደወል እመለሳለሁ። ኑሮዬ ሁሉ የቆመው በዚያች የምሳ ሰዓት ላይ ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ዳይሬክተራችን አቶ ግርማ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ፈሪ ናቸው። ክፉ ወሬ ሲነግሩ ሰው ፊት አያዩም፣ እስክሪብቶ ያያሉ።

«ምህረት፣ እንግዲህ ሁኔታውን ታውቂዋለሽ» አሉ እስክሪብቷቸውን እያዩ። «ለሚቀጥለው ዓመት ሒሳብ አንድ መምህር ይበቃል፤ ማለቴ መምህር ተሰማ በአገልግሎት ይቀድምሻል። አንቺን የያዘሽ ስዕሉ ነው። ስዕሉን ደግሞ ወላጆች ‹ምን ይሠራል፣ ማጠናከሪያ ይሁን› እያሉ ነው።»

«ማጠናከሪያ ከሆነ እኔስ?»

«ትርፍ መምህር ትሆኛለሽ። ትርፍ ደግሞ የት እንደሚመደብ…» ከመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ሩቅ አገር የሚያዩ ይመስል አዩ። «በዚያ በአዳዲሱ መንደር መምህር እጥረት አለ።»

በአዳዲሱ መንደር ማለት እናቴ ምሳ አትበላም ማለት ነው። ይህን ነገርኳቸው። ሐዘናቸው ከልብ እንደነበር ፊታቸው ላይ አይቻለሁ።

«አንድ ነገር አድርጊ» አሉኝ በመጨረሻ። «የወላጆች ቀን ላይ አንድ የሚታይ ነገር አምጪ። ከኬጂ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ልጆች አብረው በእጃቸው የሠሩት ነገር። ወላጅ አይቶ ‹ይሄስ ይቀጥል› ካለ እኔ አልቃወምም። ካልሆነ ግን በቃ።»

የአራት ዓመት ልጅና የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ አብረው ምን ይሠራሉ? ለትንሾቹ ሸክላ ብሰጣቸው ይበሉታል፤ ለትልልቆቹ ቀለም ብሰጣቸው «ይሄ የኬጂ ነው» ብለው ያፍራሉ። ሁለት ቀን አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን እረፍት ሰዓት ላይ ራሴን ይዤ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ የሚያደነቁር ድምፅ ሰማሁ። ሮቶ ከተተከለ ወዲህ የተጣለች አንዲት የውሃ በርሜል አለች፤ የኬጂ ልጆች ከበዋት በእጃቸው ይደበድቧታል። አራተኛ ክፍሎች ዙሪያውን ይዘላሉ። ስምንተኛ ክፍሎች ግድግዳ ተደግፈው የማይመለከታቸው መስለው እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። «ከበሮ!» ብዬ ተነሳሁ።

በርሜሏን ብየዳ ቤት ወስደን ግማሿን አስቆረጥን፤ ላይና ታቿን አስከፈትን። የኬጂ ልጆች እጃቸውን ቀለም እየነከሩ በሆዷ ዙሪያ መዳፋቸውን አተሙባት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ መዳፍ፤ አንዱ ልጅ እግሩንም አትሟል፣ እንዴት እንዳደረገው እስካሁን አላውቅም። የቀረው ቆዳ ብቻ ነበር። ቆዳ ደግሞ ለቄራ ልጅ ምን ችግር አለው? ሰፈራችን ያለ አንድ ቆዳ ሰብሳቢ ጎረቤታችን የበሬ ቆዳ በነፃ ሰጠኝ፤ አመድ ውስጥ ከርሞ ፀጉሩ የለቀቀ። የወላጆች ቀን ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ዕለት ለአራተኛና ለስምንተኛ ክፍሎች የተሰበረ ሸክላ እያስያዝኩ ሞራውን አስፋቅኋቸው። ሽታውን ተዉት! ግን በዚያች ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። በሒሳብ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ቀርቷል፣ እኔ ልፋቅ» ይላል። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ሁለት ወላጆች ይጠብቁኛል።

አንደኛዋ ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው፤ የአራተኛ ክፍሏ የኢክራም እናት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ዳቦ ቤት የእሳቸው ነው፤ ሻርፓቸው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ዱቄት አይጠፋም። ሁለተኛው አቶ ተክሌ ናቸው፤ የዚያው ክፍል የናትናኤል አባት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የወላጆች ኮሚቴ አባል። ከረቫት ያስራሉ፣ ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላ ይይዛሉ። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው አይተያዩም።

«ቲቸር፣ ልጄ ትናንት ቆዳ ስትፍቅ ዋለች» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «እሺ፣ ትፋቅ። የማን እርድ ነው?»

ቄራ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ሥጋ ስገዛ የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገዝቼ አላውቅም። ቆዳ ሲሆን ግን ጥያቄው በሐሳቤም አልመጣ። ግማሹ ተማሪዬ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን በሆነበት ትምህርት ቤት!

«እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ አቶ ተክሌ። «በዚያ ላይ የሰኔ ጾም ገብቷል። ልጄ ሞራ ሞራ እየሸተተ እጁን ሳይታጠብ ሽሮ ላይ ቀረበ። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ መጠየቅ ነበረብሽ።»

«ጠይቄ… አልጠየቅሁም» አልኩ።

ወሬው ቢሮ ሳይደርስ አልቀረም፤ አቶ ግርማ እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ሃይማኖት» የሚለውን ቃል ትምህርት ቤት ውስጥ መስማት ለእሳቸው «እሳት» ከሚለው ይከፋል።

«ቆዳው ይውጣ! አሁኑኑ ከግቢ ይውጣ! ምህረት፣ ከበሮ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ በቃ!»

ስምንተኛ ክፍሎች ቆዳውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ሲወጡ ቀብር ይመስል ነበር። እኔ የማየው ግን ቆዳውን አልነበረም። እናቴን ነበር የማየው፤ አልጋዋ ላይ ሆና በሩን ስታይ፣ ሰዓቱ ሲያልፍ።

ምሳ ሰዓት ላይ እሷን ካበላሁ በኋላ ወደ ቆዳ ሰብሳቢው ሮጥኩ። ጥያቄዬን ሲሰማ ሳቀብኝ።

«የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፤ ቆዳው እኔ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ይኸው ክምር ነው። ማን ይለየዋል? ደግሞስ ጫማሽን ስትገዢ የማን እርድ ነው ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ይህ ጥሩ ክርክር መሰለኝ። ከሰዓት አቶ ግርማን ለምኜ፣ ሁለቱን ወላጆች ስዕል ክፍል ውስጥ አስቀምጬ የጫማውን ነገር ብናገር፣ ወይዘሮ ዘይነባ ጣታቸውን አነሱ።

«ጫማ በእጄ ይዤ እንጀራ አልቆርስም! ልጆች ናቸው እኮ፤ ጣታቸውን ይልሳሉ።»

«ትክክል ብለዋል» አሉ አቶ ተክሌ። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

ተስማምተው ሊገድሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ። የምለው ሲጠፋኝ ጠመኔ አነሳሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የሒሳብ ሰው ሲጨንቀው መሣል ይጀምራል መሰለኝ። ሰሌዳው ላይ ከበሮውን ሣልኩ።

«ይሄ ምንድን ነው? ድስት?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

«ከበሮ ነው።»

«ወላሂ ድስት ነው።»

አቶ ተክሌ መነጽራቸውን አስተካክለው «እኔ ምሰሶ መስሎኝ ነበር» አሉ። አቶ ግርማ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ እንባዬ መጣ። እንባዬን ስጠርግ ነው የሣልኩትን ያየሁት። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ የእኛ ግን በርሜል ስለሆነች ሁለቱም አፏ እኩል ነው።

«ሁለት አፍ አለው» አልኩ። «አንዱ አፍ ከሙስሊም እርድ፣ አንዱ አፍ ከክርስቲያን እርድ ቢሆንስ? ሁለት የፍየል ቆዳ። እናንተው ምንጩን አውቃችሁ የምታመጡት።»

አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሚወጠርበት ጠፍርስ? ጠፍሩም ቆዳ ነው። እሱ የማን ይሁን?»

«ጠፍሩ የናይሎን ገመድ ይሁና!» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ናይሎን ማንም አላረደው።»

በዚሁ ተወሰነ።

ወይዘሮ ዘይነባ አልተቸገሩም፤ የእህታቸው ልጅ ኒካህ ነበርና ፍየል በቤታቸው ታርዶ ቆዳው ረቡዕ ማታ ደረሰ። የተቸገሩት አቶ ተክሌ ናቸው። እስቲ አስቡት፤ በሰኔ ጾም እንኳ የማይገድፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ከሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ሲዞሩ ዋሉ። አንዱ ሥጋ ቤት በር ላይ የሰበካ ጉባኤ ባልደረባቸው አገኟቸው።

«አቶ ተክሌ! እርስዎም?»

«ቆዳ ፈልጌ ነው» አሉ።

«እንዴ ቆዳውንም መብላት ጀመሩ!»

ይህን ራሳቸው ናቸው ሐሙስ ጠዋት የነገሩን፤ ቆዳውን በጋዜጣ ጠቅልለው ክፍሉ ውስጥ ሲያስቀምጡ። ወይዘሮ ዘይነባ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አቶ ተክሌም መሥሪያ ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሰው ናቸውና ሊሄዱ ቆመው፣ ፀጉሩ በምላጭ መላጨት እንዳለበት ሲያዩ፣ «እስቲ አንዴ» ብለው ከረቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ምሳ ሰዓት ደርሶም አልሄዱም።

ስምምነታችን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ወገን ቆዳ ብቻ እንዲነካ ነበር። አራተኛ ክፍሎችን ለሁለት ከፈልኳቸው። አንዱ ልጅ መሐል ላይ ቀረ።

«ቲቸር፣ እኔስ? እኛ ጴንጤ ነን።»

«አንተ ናይሎኑን ያዝ» አልኩት።

ጥቂት እንደቆየን ቀና ብዬ ሳይ ኢክራም በናትናኤል ወገን ተቀምጣ ትላጫለች፤ ናትናኤል ወዲያ ማዶ ቆዳ ይዞ ያስወጥራል። ጴንጤውም ናይሎኑን ጥሎ መጥቷል። ልጆች ሥራ ላይ ሲሆኑ የሚሄዱት ሰው ወደጎደለበት ነው። ደነገጥኩና ወላጆቹን አየሁ። ወይዘሮ ዘይነባ አይተዋል። አቶ ተክሌም አይተዋል። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው መላጨታቸውን ቀጠሉ።

የምሳ ደወል ሲደወል ተነሳሁ። ወይዘሮ ዘይነባ «ወዴት ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው፤ እናቴን፣ ስትሮኩን፣ ትርፍ መምህር የመሆኑን ነገር፣ ሁሉንም። ለምን ለእሳቸው እንደዘረገፍኩት አላውቅም፤ እጃቸው በቆዳ ውሃ የራሰ ሰው ፊት መዋሸት ይከብዳል።

«እና ቅዳሜ ይሄ ካልሆነ ከእናትሽ ትለያያለሽ?»

«አዎ።»

ምላጩን አስቀመጡ። ልጃቸውን «ሂጂ ከቤት ትኩስ ዳቦ አምጪላት» ብለው ላኩ። «ለእናትሽ ይዘሽ ሂጂ። ለመመለስም አትሩጪ። እኔና አቶ ተክሌ እንጨርሰዋለን፤ አይደል አቶ ተክሌ?»

«እንጨርሰዋለን» አሉ አቶ ተክሌ፤ ግንባራቸው ላይ የፍየል ፀጉር ተለጥፎ።

ስመለስ ስምንተኛ ክፍሎች ቆዳውን በናይሎኑ ወጥረው እየጠበቁኝ ነበር። አንዲት ጎበዝ ልጅ ገመዱ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች እኩል አድርጋ በማስመሪያ ለክታለች፤ ሒሳብ ላይ ያላገኘሁትን ትጋት እዚያ አገኘሁት። ምልክት እንዲሆንም በአንዱ አፍ ጥግ በጠመኔ «ዘ»፣ በሌላው «ተ» ጻፍን። እንግዲህ መድረቅ ብቻ ነው የቀረው።

ዓርብ ጠዋት ዝናቡ መጣ። የሰኔ ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሊያቆም ነው ስትሉት ሌላ ይጀምራል። ከበሮው ኮሪደር ላይ ተቀምጦ እንደረጠበ ነው። መታሁት፤ የራሰ ፍራሽ የተመታ ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ መታሁት፤ ያው ነው። ጠዋት ፈገግ ብለው ያለፉት አቶ ግርማ ከሰዓት ሲያልፉ እስክሪብቷቸውን ማየት ጀምረዋል።

«ነገ ድምፅ ካላወጣ» አሉኝ፣ «ለወላጅ በርሜል ነው የምናሳየው ማለት ነው።»

ወደ ዳቦ ቤቱ የሮጥኩት ምን እንደምጠይቅ ሳላውቅ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ሙሉውን አልጠበቁኝም። ሁለት ዳቦ ጋጋሪዎች ላኩ፤ በርሜሏን ተሸክመው አምጥተው ከመጋገሪያው ፊት ለፊት፣ ሊጡ ኩፍ የሚልበት ሙቅ ቦታ ላይ አስቀመጧት። ለማታው ሠራተኛም «በአንድ በኩል ብቻ እንዳይደርቅ እያገላበጥክ፤ ከእሳቱ አታስጠጋው፣ ይሰነጠቃል» ሲሉ ሰማሁ። አቶ ተክሌ ከሥራ ሲወጡ መጥተው በር ላይ ቆመው አዩት። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እናቴን ሳገላብጣት፣ «ምን ሆነሻል፣ ጃኬትሽን እንኳ አላወለቅሽም» አለችኝ። «ብርድ ነው» አልኳት።

ቅዳሜ በማለዳ ዳቦ ቤት ስደርስ አቶ ተክሌ ቀድመውኛል። ዝናቡ ቆሟል። ወይዘሮ ዘይነባ በርሜሏን ከዱቄት ጆንያ ጀርባ እያወጡ ነው። አቶ ተክሌ በጣታቸው አንኳኩት።

ድም።

ዞረው ሌላውን አፍ አንኳኩት። ድም። በሕይወቴ የዚያን ያህል ያማረ ድምፅ የሰማሁ አይመስለኝም።

ወዲያው አቶ ተክሌ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ወዲያኛውን አዩ። ከዚያ ተመልሰው ይኸኛውን።

«ወይዘሮ ዘይነባ… ምልክቱ የታለ?»

ጠመኔው የለም። ከእንፋሎቱና ከዱቄቱ ጋር ጠፍቷል። ሠራተኛው ደግሞ እንደታዘዘው ሌሊቱን ሲያገላብጥ ነው ያደረው፤ የቱ በየት በኩል እንደነበር አያውቅም። ሁለቱም ቆዳ ነጭ፣ ሁለቱም የተላጨ፣ ሁለቱም የተወጠረ። ወይዘሮ ዘይነባ አፍንጫቸውን አስጠግተው አንዱን አሸተቱ፤ ዞረው ሌላውን አሸተቱ።

«ሁለቱም ዳቦ ዳቦ ይሸታሉ» አሉ።

ማልቀስ አማረኝ። ሳምንቱን ሙሉ የደከምነው የቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ነው፤ ያለዚያ አቶ ግርማ ከበሮውን ከበር አያሳልፉትም። እናቴ ታሰበችኝ። ሁለቱ ወላጆች ግን እርስ በርስ እየተያዩ ነበር።

«ምን ይሻላል?» አሉ አቶ ተክሌ።

«ምን ይሻላል? ልጆቹ እየጠበቁ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ያዙልኝ በዚያ በኩል።»

ሁለቱ በርሜሏን ግራና ቀኝ ይዘው ተነሱ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። በሩ ላይ አቶ ግርማ፣ አዲስ ሱፍ ለብሰው፣ ቆመዋል።

«የቱ የማን እንደሆነ ለይታችኋል አይደል?»

«እናውቃለን!» አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ። የሁለቱም ፊት አልተንቀሳቀሰም። አቶ ግርማ አሳለፏቸው።

የሆነውን ለማያውቅ ሰው የቅዳሜው ትዕይንት ተራ የትምህርት ቤት ዝግጅት ነው። ከበሮው ዴስክ ላይ ተጋደመ። የኬጂ ልጆች «የእኔ እጅ! የእኔ እጅ!» እያሉ ለወላጆቻቸው መዳፋቸውን አሳዩ፤ እግሩን ያተመውም አሳየ። አራተኛ ክፍሎች ዙሪያውን ቆሙ። ያቺ ቀዳዳውን የለካችው የስምንተኛ ክፍል ልጅ መሐል ገብታ ሁለት እጇን አነሳችና ግራውንም ቀኙንም አፍ ባንዴ መታችው። ግቢው ተናጋ። እየመታች ስትሄድ መጀመሪያ ልጆቹ፣ ከዚያ እናቶች፣ ከዚያ ያልጠበቅኋቸው ሰዎች ተነሱ። አንዱ ጉራጌኛ ይዘላል፣ አንዱ ትከሻውን ይሰብቃል። አቶ ግርማ አዲሱን ሱፋቸውን ለብሰው እስክስታ ሲወርዱ ያየሁ ዕለት በዓለም ላይ የማይሆን ነገር እንደሌለ አመንኩ።

ሲረጋጋ አቶ ተክሌ በኮሚቴው ስም ማይክራፎን ያዙ። ረጅም ንግግር ነው የፈራሁት። «ይህ ትምህርት ይቀጥል» አሉ። «መምህርቷም እዚሁ ትቆይ። ኮሚቴው የሚጠይቀው ይህን ነው።» ወላጁ አጨበጨበ። አቶ ግርማ እስክሪብቶ አልፈለጉም፤ ቀጥ ብለው እኔን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከበሮው አሁንም አለ። እኔም አለሁ። ዛሬ በማሟያ ሳይሆን በሙሉ ክፍለ ጊዜ የማስተምረው የእጅ ሥራ ነው፤ በየክረምቱ ሥልጠና እየወሰድኩ ብዙ ተምሬያለሁ፤ በጌ ግን እስካሁን ሶፋ ነው። ልጅ ያላችሁ ወይም የምታስተምሩ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ ለልጆች አብረው የሚሠሩትን ሥራ ስጧቸው፤ ትንሹም እንደ አቅሙ፣ ትልቁም እንደ አቅሙ። ትንሹ አይፈራም፣ ትልቁ ያፍራል፤ ሥራው ሲይዘው ግን ማፈሩን ይረሳዋል። ይህን መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም፤ የራሰ የፍየል ቆዳ ላይ ነው ያየሁት።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን የጻፍኩት ላመሰግን ነው። ወይዘሮ ዘይነባና አቶ ተክሌ ያን ዕለት ጠዋት ሊቆጡኝ መጡ፤ መብታቸውም ነበር። ተቆጥተው መሄድ ይችሉ ነበር። ምላጭ አንስተው ተቀመጡ።

እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየች። የሞተችው በአዘቦት ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ሦስተኛውን በእጇ መለሰችው። ትንፋሿ ተቀያየረ። ተንበርክኬ ደህናዋን እጇን ያዝኩ። ዓይኗን ገልጣ፣ «ሂጂ፣ ይደወልብሻል» አለችኝ።

«ገና ነው እማዬ» አልኳት። «ጊዜ አለኝ።»

ከተማ ዳር ተመድቤ ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት ከማላውቃቸው መምህራን ጋር ተቀምጬ ምሳ ዕቃዬን እከፍት ነበር። እኔ ግን እጇን ይዤ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።